ስሙ ይታያል፣ ፋይሉ አይከፈትም፦ የዳይሬክቶሪ ፈቃድ ችግርና መፍትሄ

ሁሉንም ፈቃድ ባነሳም ይከፈታል

የፈቃድ ቁጥሩ ሦስት አሃዞች በቅደም ተከተል የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌሎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የአር (ማንበብ፣ 4)፣ የደብሊው (መጻፍ፣ 2) እና የኤክስ (ዳይሬክቶሪ ላይ ማለፍ፣ 1) ድምር ነው። ዳይሬክቶሪውን (ፋይሎች የሚቀመጡበትን ማህደር) 000 አድርጋችሁት እንኳ ውስጡ ከታየ፣ የምትሞክሩት ሩት፣ ማለትም የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ፣ ሆናችሁ ነው። በማሽኑ በራሱ ዲስክ ላይ ሩትን እነዚህ የፈቃድ ቢቶች አያቆሙትም። ሱዶን (በሩት ስልጣን የሚያሰራውን ትዕዛዝ) ትታችሁ በተራ ተጠቃሚ ግቡ። ኮንቴይነር (ፕሮግራም ተነጥሎ የሚሰራበት ከባቢ) ውስጥ ይህ ቶሎ ይረሳል፤ እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈተናዎቼ ሁሉ ሲያልፉ ደስ ብሎኝ ውዬ፣ ለካ ከመጀመሪያውም ሩት ነበርኩ።

ስሞቹ ይወጣሉ፣ ሌላው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነው

የራሳችሁን ዳይሬክቶሪ በቸሞድ (ፈቃድ በሚቀይረው ትዕዛዝ) 400 አድርጉና ኤልኤስን (የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣውን ትዕዛዝ) ከሰረዝ ኤል ጋር ስጡት። ከ«ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) በኋላ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ይመጣል፦

-????????? ? ? ? ? ? ደብዳቤ

ዳይሬክቶሪ ስምን ከአይኖድ (የፋይሉ መረጃ ከሚቀመጥበት ቦታ) ቁጥር ጋር የሚያያይዝ መዝገብ ነው። አር መዝገቡን ያስነብባል፤ በመዝገቡ በኩል አልፎ ፋይሉ ዘንድ የሚያደርሰው ግን ኤክስ ነው። መጠኑ፣ ባለቤቱና ቀኑ ያሉት አይኖዱ ላይ ስለሆነ ያለ ኤክስ አይገኙም። 500 ስታደርጉት ይስተካከላል።

ኤልኤስን ብቻውን ጽፋችሁም ስህተቱ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ስሞቹን በቀለም እንዲያወጣ የተደረገ አሊያስ (ሌላ ትዕዛዝን የሚተካ አጭር ስም) ስለሆነ ነው፤ ቀለም ለመምረጥ እያንዳንዱን ፋይል ማየት አለበት። ከፊቱ ባክስላሽ አድርጋችሁ ድገሙት።

በተቃራኒው ኤልኤስ ተከልክሎ፣ ስሙን የምታውቁት ፋይል በካት (የፋይልን ይዘት በሚያሳየው ትዕዛዝ) ከተከፈተ ኤክስ አለ፣ አር የለም ማለት ነው። ብልሽት አይደለም፤ 711 የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

እንዳይነካ የቆለፍኩት ፋይል ተሰረዘ

ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄ ነው። መሰረዝ ማለት ከመዝገቡ ላይ ስም መፋቅ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው የዳይሬክቶሪው ደብሊውና ኤክስ እንጂ የፋይሉ ፈቃድ አይደለም። ፋይሉ 444 ቢሆን፣ ባለቤቱ ሩትም ቢሆን፣ ዳይሬክቶሪው የእናንተ ከሆነ ትሰርዙታላችሁ። የመሰረዣው ትዕዛዝ አርኤም «ልሰርዝ?» ብሎ የሚጠይቀው በራሱ ጨዋነት ነው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ግድ የለውም። ደብሊው ብቻውን ያለ ኤክስ ግን ለምንም አይረባም፤ 200 አድርጋችሁ አዲስ ፋይል ለመፍጠር ብትሞክሩ ታዩታላችሁ።

መፍትሄው ደብሊውን ከዳይሬክቶሪው ላይ ማንሳት ነው። ብዙ ሰው የሚጽፍበት ከሆነ እንደ ቲኤምፒ (የጊዜያዊ ፋይሎች ዳይሬክቶሪ) 1777 አድርጉት፤ የፊቱ 1 ስቲኪ ቢት የሚባለው ነው። ስቲኪ ቢቱ ካለ የሚሰርዙት የፋይሉ ባለቤት፣ የዳይሬክቶሪው ባለቤትና ሩት ብቻ ናቸው። በኤልኤስ ዝርዝር የፈቃዱ ፊደላት መጨረሻ ላይ ትልቁ ቲ ከታየ ለሌሎች ኤክስ ረስታችኋል፤ ትንሹ ቲ ነው የሚፈለገው።

ፋይሉ 644 ነው፣ ግን አይከፈትም

ከላይ ካሉት ዳይሬክቶሪዎች አንዱ ኤክስ ጎድሎታል። ሊኑክስ ላይ ኔምአይ የተባለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ ኤል ጋር ለሙሉ ዱካው ስጡት፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ፈቃድ ደርድሮ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው 700 የሆነ የተጠቃሚ ሆም (የግል ዳይሬክቶሪ) ነው።

ቡድኑ ውስጥ ተጨምሬም ዳይሬክቶሪው አያስገባኝም

ከሲስተሙ ወጥታችሁ (ሎግ አውት) እንደገና ግቡ።

755 ብለውም ሴትጂአይዲ አልለቀቀም

2775 የነበረን ዳይሬክቶሪ (የፊቱ 2 ሴትጂአይዲ የሚባለው ቢት ነው) የጂኤንዩ ቸሞድ፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ የተለመደው፣ በ755 ሲቀይር ሴትጂአይዲን ሆን ብሎ ይተወዋል፤ አዳዲስ ፋይሎችም የዳይሬክቶሪውን ቡድን መውረሳቸውን ይቀጥላሉ። ለማንሳት 00755 ብላችሁ ከፊት ሁለት ዜሮ ጨምሩ።