ስሙ የጠፋብዎትን ፋይል በፊልተር እንዴት ያገኙታል?

ፋይሉን ያስቀመጡት ራስዎ ነዎት። የት እንዳስቀመጡት ግን ጠፋብዎት። ስሙም ትዝ አይልዎትም። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲገጥመን ፎልደር በፎልደር እየከፈትን እናስሳለን። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ፋይሉ የለም።

ስሙን ብንረሳም ሌላው ነገር አይጠፋንም። «ባለፈው ሳምንት የሠራሁት ነው»፣ «ፒዲኤፍ ነበር»፣ «ከባድ ቪዲዮ ነው» ማለት እንችላለን። ፊልተር፣ ማለትም ፋይሎችን በጊዜ፣ በዓይነት ወይም በክብደት የሚያጣራው ምርጫ፣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን ከመንካትዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ መቼ ነበር? ምን ዓይነት ፋይል ነው? ምን ያህል ይከብዳል? ከሦስቱ ሁለቱን ካወቁ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዎታል።

በዊንዶውስ እንጀምር። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው «ኢ»ን ሲጫኑ ፋይል ኤክስፕሎረር ይከፈታል። መጀመሪያ የሚፈልጉበትን ቦታ ይምረጡ። ፍለጋው የሚሄደው እርስዎ ካሉበት ፎልደር ወደ ውስጥ ብቻ ነው። ዳውንሎድስ ውስጥ ቆመው ዴስክቶፕ ላይ ያለን ፋይል ቢፈልጉ አያገኙትም። ቦታውን ጭራሽ ካላወቁት «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ይክፈቱ።

ቀጥሎ ኮንትሮልና «ኤፍ»ን አብረው ይጫኑ። ጠቋሚው ከላይ በስተቀኝ ወዳለው የመፈለጊያ ሳጥን ይሄዳል። ከስሙ ትንሽ የሚያስታውሱት ካለ ይጻፉ። ምንም ከሌለ የኮከብ ምልክት (*) ብቻ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ኮከብ «ማንኛውም ስም ይሁን» ማለት ነው።

አሁን ፊልተሮቹ ይመጣሉ። በዊንዶውስ 11 ከላይ «ሰርች ኦፕሽንስ» የሚል ምርጫ ያገኛሉ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ሰርች» የሚባል ትር ይከፈታል። «ዴት ሞዲፋይድ» በጊዜ ይለያል፤ ዛሬ፣ ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ባለፈው ወር እያለ ያስመርጣል። «ካይንድ» በዓይነት ይለያል፤ ሰነድ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ። «ሳይዝ» በክብደት ይለያል። ከ1 እስከ 128 ሜጋባይት ያለው «ሚዲየም» ይባላል፤ ከዚያ እስከ 1 ጊጋባይት «ላርጅ»፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነው «ጃይጋንቲክ»። ዲስክዎ ሞልቶ ከሆነ ይህን የመጨረሻውን ይሞክሩት። ቦታ የያዘብዎት ፋይል ወዲያው ይወጣል።

እኔ በጣም የምወደው ፊልተሮቹ መደራረባቸውን ነው። «ባለፈው ሳምንት» ብለው መርጠው «ሰነድ» ቢጨምሩበት ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሟላው ብቻ ይቀራል። ሲመርጡ ሳጥኑን ልብ ብለው ይዩት። ኮምፒውተሩ ራሱ የፊልተሩን ቃል በእንግሊዝኛ ይጽፍልዎታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካዩት በኋላ ምርጫውን ሳይከፍቱ በእጅዎ መጻፍ ይችላሉ። ምንም ካልመጣ ግን ሁሉንም አጥፍተው ከዜሮ አይጀምሩ። አንዱን ፊልተር ብቻ ከሳጥኑ ሰርዘው ይሞክሩ።

ስለ ቀን አንድ ነገር ይወቁ። «ሞዲፋይድ» ማለት የፋይሉ ይዘት መጨረሻ የተቀየረበት ቀን ነው። ከፍላሽ የገለበጡት የቆየ ሰነድ የድሮ ቀኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ ስለገለበጡት ብቻ «ዛሬ» በሚለው ውስጥ አይገኝም።

ፋይሎቻችንን በአማርኛ ለምንሰይም ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልገናል። ለኮምፒውተሩ «ጸ» እና «ፀ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም እንደዚያው። «ጸሐይ» ብለው ያስቀመጡትን «ፀሐይ» ብለው ቢፈልጉ ላያገኙት ይችላሉ። ስለዚህ በሌላኛው ፊደልም ይሞክሩ። ሁለተኛው ችግር ከቃሉ ፊት የሚገቡት «የ»፣ «በ»፣ «ለ» ናቸው። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ የሚያመሳስለው የቃሉን መጀመሪያ ነው። «ኪራይ» ሲሉት «የኪራይ ውል»ን ሊያልፈው ይችላል። ከፊቱ ኮከብ አድርገው «*ኪራይ» ብለው ይጻፉ።

ማክ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የማክን ፋይል ማሰሻ ፋይንደርን ከፍተው ኮማንድና «ኤፍ»ን ይጫኑ። በስተቀኝ ያለችውን የመደመር ምልክት ሲነኩ የፊልተር መስመር ይመጣል። ደግመው ሲነኩ ሌላ መስመር ይጨመራል። ቶሎ ቶሎ የሚፈልጉት ነገር ከሆነ «ሴቭ» ይበሉት። ስማርት ፎልደር ሆኖ ይቀመጥና አዲስ ፋይል በመጣ ቁጥር ራሱ ይጨምረዋል።

ዊንዶውስዎ ሲፈልግ በጣም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምክንያቱ ኢንዴክስ ሊሆን ይችላል። ኢንዴክስ ኮምፒውተሩ ፋይሎችን ቀድሞ የሚመዘግብበት ማውጫ ነው። «ክላሲክ» የሚባለው አሠራር የሚመዘግበው እንደ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዴስክቶፕ ያሉትን ነው። ሌላ ቦታ ያለውን አንድ በአንድ እያየ ስለሚሄድ ይዘገያል። ሴቲንግስ ውስጥ «ሰርቺንግ ዊንዶውስ» (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች «ሰርች») የሚለውን ከፍተው መላ ኮምፒውተሩን የሚመዘግበውን «ኢንሃንስድ»ን ይምረጡ። ምዝገባው ጊዜ ይወስዳል፣ ባትሪም ይበላል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ላይ ይሰኩት።

ፋይሉ ሲገኝ ወዲያው ከፍተው አይለፉት። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክተው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ይበሉ። የተቀመጠበት ፎልደር ይከፈትልዎታል፤ አብሮ የጠፋ ሌላ ፋይልም እዚያው ሊያገኙ ይችላሉ።