«ምንም አይሰማኝም» እና ሌሎች በእርግዝና ደም ግፊት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክትትል ሄደሽ «ግፊትሽ 140 በ90 ነው፣ ከፍ ብሏል» ስትባይ መጀመሪያ የሚመጣልሽ መልስ «እኔ ግን ምንም አይሰማኝም» ነው። አልዋሸሽም፣ እውነትም ምንም አይሰማሽም። ግፊት እንዲህ ነው፤ ሲወጣ አይናገርም፣ ሲናገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ገፍቷል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ቁጥሩን ትቶ ስሜትን ከማመን የሚመጡ ናቸው።

ደህና ነኝ ብሎ ቀጠሮ መዝለል

ፕሪኢክላምፕሲያ የሚባለው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት ተነስቶ አብሮት ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበት፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል)፣ ሳንባ ወይም አንጎል መነካቱ ሲታይ ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። ሽንትሽ ንጹሕ ነው ስለተባልሽ ብቻ ነፃ ነሽ ማለት አይደለም። የደም ምርመራው ትርፍ ነገር የሚመስላቸው አሉ፤ ጉበቱንና ፕሌትሌቱን የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

ሰው ደግሞ ምክንያት መፈለግ ይወዳል። «ተናደሽ ነው»፣ «ብዙ ስለምታስቢ ነው» ይሉሻል። ይኼን ከጭንቅላትሽ አውጪው። የበሽታው ሥር ያለው የእንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ የማኅፀን የደም ሥሮች በእርግዝናው መጀመሪያ እንደሚገባቸው ሳይሰፉ ሲቀሩ የእንግዴ ልጁ በቂ ደም አያገኝም፣ ከእሱ የሚለቀቁ ነገሮች ደግሞ ወደ እናትየዋ ደም ገብተው የደም ሥሮቿን ይጎዳሉ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። በመጨረሻዎቹ ወራት ቀጠሮው የሚቀራረበውም ነገሩ በቀናት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ነው።

ደስ የሚል ቁጥር እስኪወጣ መለካት

የቤት መለኪያ መያዙን እደግፋለሁ። አለካካችን ግን ጉድ ነው። ደረጃ ወጥተን ገና እያለከለክን እንለካለን፣ በስልክ እያወራን እንለካለን፣ እግራችንን አነባብረን፣ መጠቅለያውን ከሹራብ ላይ አስረን እንለካለን። መጀመሪያ ሽንትሽን ሸንተሽ ነይ። ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ እግርሽን መሬት አስነክተሽ 5 ደቂቃ ቁጭ በይ። ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ በልብሽ ትክክል ይረፍ፣ አታውሪ። መጠቅለያው ለክንድሽ ከጠበበ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፤ በጎንሽ ተኝተሽ ከላይ በቀረው ክንድ ከለካሽ ደግሞ ያሳንሰዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። 152 ሲወጣ «ተሳስቷል» ብለን እንደግማለን፣ አሁንም እንደግማለን፣ አምስተኛው ላይ 138 ሲመጣ እፎይ ብለን እሱን ብቻ እንጽፋለን። ሁሉንም ጻፊው፣ ከነሰዓቱ። ፕሪኢክላምፕሲያ ባለባት ሴት ላይ ግፊቱን አሳንሰው የሚያነቡ መለኪያዎች አሉና አንድ ቀን መለኪያሽን ክትትል ይዘሽ ሂጂና ከነሱ ጋር አመሳክሪው።

የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ወይም ካለፈ 15 ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚው። ካልወረደ ነገ የለም፣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ለስትሮክ የሚዳርገው እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ግፊት ነው። ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ አብሮ ካለ 15 ደቂቃውንም አትጠብቂ።

«ጨጓራዬ ነው»

ከጎድን አጥንትሽ ሥር በቀኝ በኩል ወይም ከእምብርት በላይ መሐል ላይ የሚሰማ ሕመም ጨጓራ ወይም ቃር ይመስላል። በዚህ ጊዜ ግን ጉበት ሊሆን ይችላል። በተለይ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ካለው የጨጓራ መድኃኒት ውጦ ማደር አደገኛ ነው። ፓራሲታሞል ያልነካው ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህም «ተኝቼ ልየው» የሚባልባቸው አይደሉም።

እብጠት ትንሽ ያደናግራል። የእግር ማበጥ በእርግዝና የተለመደ ነው፤ ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ ግን ተመርመሪ። የማያብጡም አሉ፣ ስለዚህ «እግሬ ቀጭን ነው» ማስረጃ አይሆንም።

ግፊቴ ወረደ ብሎ ኪኒን ማቆም

የወረደውኮ በኪኒኑ ነው! ይኼ ብዙ አያስኬድም፣ እንለፈው።

ተቃራኒው ስህተት ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ከእርግዝናው በፊት የሚወስዱትን ኪኒን ዝም ብሎ መቀጠል። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የሚባሉት የግፊት ኪኒኖች የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። እርጉዝ መሆንሽን እንዳወቅሽ ለሐኪምሽ ንገሪና ይቀየርልሽ፣ በራስሽ አቁመሽ ባዶ እንዳትቀሪ። ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎልና ኒፌዲፒን ለእርጉዝ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ሲታዘዙ የኖሩ ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ አይቡፕሮፌን መዋጥም ይቅር፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ።

አስፕሪንን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ የታዘዘለትን ፈርቶ አይውጥም፣ ሌላው ሰምቶ በራሱ ይጀምራል። በትንሽ መጠን፣ ማለትም በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም፣ የሚታዘዘው አደጋው ከፍ ላለባቸው ሴቶች ነው፤ ቀድሞ ፕሪኢክላምፕሲያ ለነበረባት፣ መንታ ላረገዘች፣ ስኳር፣ የኩላሊት በሽታ ወይም የቆየ ግፊት ላለባት። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት መጀመር አለበት። መከላከያ እንጂ የተነሳ ግፊት ማውረጃ አይደለም።

ጨው ትቶ አልጋ መያዝ

ጨው ጨርሶ መተው ፕሪኢክላምፕሲያን አያክመውም። ቀኑን ሙሉ መተኛትም እንዲሁ፣ እንዲያውም እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ሁለቱም «አንድ ነገር እያደረግኩ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣሉ፣ ክፋታቸውም እሱ ነው።

«ልጁ ትንሽ ይቆይ»

ይኼ ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ግን በሽታው መለቀቅ የሚጀምረው የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው፣ ሌላው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው። ፕሪኢክላምፕሲያ ኖሮብሽ 37ኛው ሳምንት ከደረሰ መውለድ ይመከራል፤ ከባዱ ዓይነት ከሆነ 34ኛው ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት። ቀኑ ሲነገርሽ እምቢ ከማለትሽ በፊት «ብንጠብቅ እኔ ላይ ምን ይመጣል፣ ልጁስ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት ሲሰጡሽ ሰውነትሽን እንደ እሳት ያግለዋል፣ ያዝላል፣ «አቁሙልኝ» ያሰኛል። ግፊት ማውረጃ አይደለም፤ ኤክላምፕሲያ የሚባለውን ሕይወት የሚቀጥፍ መንቀጥቀጥ መከላከያ ነው። በ2002 ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ማግፓይ የተባለ ጥናት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙቀቱ ያልፋል።

ወለድኩ፣ ተገላገልኩ

ይኼኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ስህተቱን የምትሠራው አራሷ ብቻ ሳትሆን በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ነው። ሁሉም ዓይኑ ሕፃኑ ላይ ነው። ግፊት ግን ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ሽቅብ ይላል፣ ልክ ወደ ቤት ተመልሰሽ እንቅልፍ ባጣሽበት ሰሞን። ራስሽን ሲያምሽ «እንቅልፍ ስላጣሽ ነው» ይባላል። ፕሪኢክላምፕሲያ በእርግዝና ግፊት ያልነበረባትን ሴት እንኳ ከወለደች በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን አታስቀምጪው፣ ኪኒኑንም ሐኪም ሳይል አታቁሚ፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ የግፊት መድኃኒቶች አሉ።

ከዚያ በኋላም ታሪኩን አትርሺው። ፕሪኢክላምፕሲያ የነበረባት ሴት በኋለኛው ዕድሜዋ የልብ በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ነገር ብትታከሚም ተናገሪው። በስንተኛው ሳምንት እንደጀመረሽ፣ ግፊቱ ስንት እንደደረሰና በስንተኛው ሳምንት እንደወለድሽ አንድ ቦታ ጽፈሽ አኑሪው። ድጋሚ ካረገዝሽ ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዘሽ ሂጂ፤ አስፕሪኑን በ12ኛው ሳምንት ለማስጀመር የሚደርሱልሽ ያን ጊዜ ነው።