የሙዚቃ ኮሌጅ ስትመርጡ ተማሪዎቹን ስሙ

የመምህራኑ ዝና እንዳያታልላችሁ። ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም። ይልቅ የተማሪዎቹን ኮንሰርት ስሙ፤ ብዙው ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይገኛል። ዘዴዋ ይቺ ናት፦ የአንድን መምህር የአንደኛ ዓመትና የተመራቂ ተማሪዎች አከታትላችሁ አዳምጡ። ድምፃቸው፣ ምታቸው፣ የመድረክ እርጋታቸው ምን ያህል ተለወጠ? የመምህሩ ሥራ የሚታየው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ተመራቂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከተጫወቱ ግን ጠርጥሩ፤ ሰውየው ራሱን እያባዛ ሊሆን ይችላል። ደስ ያላችሁን መምህር በኢሜይል አንድ የሙከራ ትምህርት ጠይቁት። አንዳንዱ ያስከፍላል፣ ግን ያዋጣል።

አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ እንዳለው ከርቲስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ላለ ቦታ ዘዴዋ ብዙም አትሠራም። ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ ስለሌለው ፉክክሩ ከባድ ነው፤ የሚገቡት ገና ከጅምሩ የበሰሉ ናቸው።