ቀን ባዶ በሚውል ሰፈር ጎረቤት ሆኖ ለመኖር

አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ማለዳ ለሥራ ወደ ከተማው መሃል ወጥተው ማታ የሚመለሱበት፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ስፍራና በገቢ የተለያዩ ሰዎች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ርቀትንና ልዩነትን በአንድነት ይዟል። ብዙ ሰው እንዲህ ባለው ሰፈር መኖርን የሚያከብደው ልዩነቱ እንደሆነ ያስባል። እኔ ግን ይበልጥ የሚያከብደው የጊዜ እጥረት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰዎች እርስ በርስ ለመላመድ የሚያስፈልጋቸውን ሰዓት መንገድ ላይ ስለሚጨርሱት፣ በሌላ ቦታ በጥቂት ወራት የሚለመደው ልዩነት እዚህ ለዓመታት እንግዳ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የምመክረው፣ የቀረችውን ጥቂት ጊዜ በየዕለቱ ከጎረቤት ጋር በሚተላለፉባቸው ቦታዎች ላይ እንዲያውሏት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቤቱን ከመከራየት ወይም ከመግዛት በፊት ነው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰዎች በልዩ ልዩ ዘመንና አገር በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ለጉዞ እንደሚያውሉ፣ መጓጓዣው ሲፈጥንም ጊዜውን ከመቆጠብ ይልቅ ርቀው እንደሚሰፍሩ አስረድቷል። ደርሶ መልሱ ከዚህ ልክ እጅግ ካለፈ፣ ትርፉ ሰዓት የሚቆረጠው ከእንቅልፍ፣ ከልጆችና ከጎረቤት ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሩን መረጃ መርምሮ፣ በዕለታዊ ጉዞ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ሰው በማኅበረሰቡ ጉዳይ የሚኖረውን ተሳትፎ በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ጽፏል። እንግዲህ መንገዱን በዕረፍት ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን፣ በትክክለኛው የመውጫና የመግቢያ ሰዓት ይሞክሩት። ጊዜውን ከቤትዎ በር እስከ ሥራ ቦታዎ በር ይለኩ፤ የሚቆሙበት ሰልፍና በእግር የሚሄዱት ሁሉ ይቆጠራል። ከጠዋቱ ይልቅ የማታው ጉዞ የበለጠ ትኩረት ይሻል፤ ምክንያቱም ቤት ሲገቡ ሰላምታ ለመለዋወጥ የሚበቃ ጉልበት መቅረቱን የሚወስነው እርሱ ነው። የመጨረሻው ተሽከርካሪ በስንት ሰዓት እንደሚነሣም አስቀድመው ይጠይቁ።

ሰፈሩንም በተለያየ ሰዓት ይጎብኙት። ቀን ላይ ሰፈሩ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። አረጋውያን፣ ሕፃናት የሚያሳድጉ ወላጆች፣ ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ ሠራተኞች፣ በር የሚጠብቁና ግቢ የሚያጸዱ ሰዎች ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያው ነው። መብራት የጠፋበትን ሰዓትም ሆነ ማን በር አንኳኩቶ እንደሄደ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወደ ሥራ የሚመላለሰው ነዋሪ ግን ብዙ ጊዜ ስማቸውን እንኳ አይጠይቅም። እኔ ከሁሉ አስቀድመው እንዲተዋወቁ የምመክረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

ከገቡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በተቻለ መጠን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይውጡ፤ በተመሳሳይ ፌርማታም ይቁሙ። ይህ ምክር ተራ ቢመስልም በሰፊው የተጠና ነገር አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ባቡር የሚጠብቁ ተሳፋሪዎችን አጥንቶ፣ አብዛኞቹ መልካቸውን በሚገባ የሚያውቋቸው፣ ነገር ግን አንድም ቃል ተለዋውጠዋቸው የማያውቁ ሰዎች እንዳሏቸው ተገንዝቧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ራያን ኢኖስ የተባለ ተመራማሪ በቦስተን ዙሪያ በሚገኙ የባቡር ጣቢያዎች ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ ሰዎች በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲቆሙ አደረገ። ከ3 ቀን በኋላ የተጠየቁት ነባር ተሳፋሪዎች ስደተኞችን የማግለል አመለካከታቸው ጠንክሮ ተገኘ፤ ከ10 ቀን በኋላ በተጠየቁት ላይ ግን ይህ ጥንካሬ ለዝቦ ታየ። ከዚህ የምወስደው፣ አዲስ መጤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመውን ቀዝቃዛ ፊት የሰፈሩ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ መቁጠር እንደሌለበት ነው። ነባሩም ነዋሪ አዲስ ፊት ሲያይ የሚሰማውን ቅሬታ ለማመን አይቸኩል።

ሰላምታው አጭር ይሁን። የደከመ ሰው ረጅም ጨዋታ አይፈልግም፤ ጭንቅላት ነቅንቆ ማለፍ፣ ዘግይቶ የመጣውን መኪና አስመልክቶ አንዲት ቃል መጣል፣ ቦታ ማስያዝ ይበቃል። ይሁንና ዝምታው ሁልጊዜ የሌላው ሰው ምርጫ ነው ብለው አያስቡ። ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር በቺካጎ ባቡርና አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት፣ ሰዎች ከማያውቁት ተሳፋሪ ጋር መነጋገር ደስ እንደማይል ቢገምቱም፣ ሲሞክሩት ጉዟቸው ይበልጥ ደስ ያሰኛቸው እንደነበር አሳይቷል። ቤት የሚመርጥ ሰው የሕንፃውን አሠራርም ልብ ቢል ይጠቅመዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ጥናት፣ በር ለበር ከሚኖሩ ጎረቤቶች 41 በመቶው የቅርብ ወዳጅነት ሲመሠርቱ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ሆነው በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት መካከል ግን ይህን ያደረጉት 10 በመቶው ብቻ ነበሩ። ደረጃው አጠገብ ያለው ቤት ጫጫታ አለው ተብሎ ይጠላል፤ ሰው ለማወቅ ግን ከእርሱ የተሻለ የለም።

ስምን በትክክል መጥራት ይማሩ። ካልያዙት ደግመው ይጠይቁ እንጂ በራስዎ ቋንቋ አያሳጥሩት። ጎረቤት ከየት እንደመጣ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አይገባም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ባለቤቱ በወደደው ጊዜ ይናገረዋል። ለጋራ ጉዳይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቀኑና ሰዓቱ በጉልህ አኃዝ የተጻፈ፣ በሰፈሩ በብዛት በሚነገሩት ቋንቋዎችም የተተረጎመ ይሁን። የቤት ኪራይ ክርክርን ወይም ሕመምን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ ማድረግ ልጁንም ወላጁንም ይጎዳልና ትልቅ ሰው ይፈለግ።

ብዙ ሰፈሮች ልዩነትን ለማቀራረብ የሚያስቡት በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ድግስ ማዘጋጀትን ነው። ድግሱን አልቃወምም፤ በዚያ ብቻ ሲቀር ግን በማግስቱ ሁሉም ወደየቤቱ ገብቶ ይዘጋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ በተለያዩ ወገኖች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ሲሆኑ፣ አንድ ዓላማ ሲኖራቸው፣ ለዚያም ተባብረው ሲሠሩና ደንብ ወይም ኃላፊነት ያለው አካል ሲደግፋቸው ነው። ይህን ወደ ሰፈር ስናመጣው፣ የጠፋውን የመንገድ መብራት ማስጠገን፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ማጽዳት፣ ሕፃናትን ተሽከርካሪ እስኪመጣላቸው ተራ ገብቶ መጠበቅ ከድግሱ ይበልጣሉ። ተከራዩና ባለቤቱ እኩል ድምፅ ይኑራቸው፤ ሰብሳቢነቱም ይዘዋወር። ስብሰባው ሰው ከሥራ ተመልሶ እፎይ ሳይል አይጠራ፤ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት አይለፍ። የሁሉንም የበዓላት፣ የጾምና የጸሎት ጊዜያት የያዘ አንድ የጋራ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ቀን የሚቆረጠው እርሱ ታይቶ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ በተደጋጋሚ የሚቀሩት እነዚያው ሰዎች ይሆናሉ፣ መቅረታቸውም እንደ ንቀት ይቆጠርባቸዋል።

መኪና ያለው ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጎረቤቶቹን ይዞ ቢሄድ ወጪውም ይቀንሳል፣ ትውውቁም ይሰፋል። የመነሻውን ሰዓት፣ የዘገየ ሰው የሚጠበቅበትን ደቂቃና የነዳጁን አከፋፈል ግን በመጀመሪያው ቀን ይስማሙ፤ በጉዞ ላይ ዝም ማለት የሚፈልግ ሰው ዝም የማለት መብቱ ይጠበቅለት።

ቅሬታ አይቀርም። ድምፅ ሲረብሽዎ ወይም ቆሻሻ ያለቦታው ሲጣል በንዴት ሰዓት አይሂዱ፤ ባለቤቱን ለብቻው አግኝተው የሆነውን ነገር ብቻ ይንገሩት። «እናንተ እኮ» ብሎ የሚጀምር ወቀሳ አንድን ሰው ሳይሆን የመጣበትን ወገን በሙሉ ይከስሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰውም ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ክብሩ ነው። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስልክ የመልእክት ቡድን ላይ ነው። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ርቆ ስለሚውል ስለ ሰፈሩ የሚሰማው በዚያ መንገድ ነው፤ «ሌባ ታየ» የሚል አንድ መልእክትም ማንም ሳያጣራው እስከ ማታ ድረስ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ የተሰነዘረ ክስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ማን አየ፣ የት፣ በስንት ሰዓት ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለው እንዳይተላለፍ በግልጽ ይናገሩ፤ በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ወሬውን እንደ መደገፍ ይቆጠራል።

በመጨረሻም ለድንገተኛ ነገር ይዘጋጁ። ልጅዎ ትምህርት ቤት ቢታመም፣ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ አረጋዊት እናትዎ ቢወድቁ እርስዎ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው ይሆናል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውም በዚያን ጊዜ ነው። የሥራ ሰዓታቸው ከእርስዎ ከሚለይ ቢያንስ ሁለት ቤተሰቦች ጋር ስልክ ይለዋወጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ቤተሰብ ቀን ቀን ቤት የሚውል ይሁን። ትርፍ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ሊያወጣው እንደሚችል አስቀድመው ይስማሙ፤ ለትምህርት ቤቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። የእነርሱንም ቁልፍና ስልክ ይቀበሉ፤ ሥራ ቀይረው ሰፈሩን ሲለቁ ደግሞ ኃላፊነቱን የሚረከብ ሰው አግኝተው ከቤተሰቦቹ ጋር ያስተዋውቁት።