ከበጠጥ የሚለካ ጭንቀት፦ ውጤቱ ሲያስቸግር ምን እንፈትሽ?

ድኩላ ተይዞ መርፌ እስኪነካው ድረስ የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲዞል ጣሪያ ይነካል። ያኔ የምንለካው የዱር ኑሮውን ጭንቀት ሳይሆን እኛ ያስጨነቅነውን ነው። ስለዚህ ሳንነካው ከጣለው በጠጥ እንለካለን። ይህ ጽሑፍ ከቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ናሙና ይዘው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚገቡ ተማሪዎች ነው። ቁጥሩ አልጥም ሲል ሁሉም መጀመሪያ ማሽኑን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይደርስ ተፈጽሟል።

ምልክት፦ ሁሉም ውጤት ዜሮ አካባቢ ተኝቷል

ኪቱ (ሆርሞኑን የምትለኩበት ተዘጋጅቶ የሚመጣ መመርመሪያ) ለደም ወይም ለምራቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ኮርቲዞል ጉበት ውስጥ ይሰባበራል፣ በሐሞት በኩል አንጀት ይገባል፣ እዚያም ባክቴሪያ መልኩን ይለውጠዋል። በጠጥ ውስጥ የሚቀሩት ውላጆቹ ናቸው፤ ራሱ ኮርቲዞሉ እምብዛም አይገኝም። መፍትሄው ውላጆቹን በቡድን የሚይዝ አንቲቦዲ (የተወሰነ ንጥረ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ያለው ኤላይዛ፣ ማለትም በአንቲቦዲ የሚለካ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ መጠቀም ነው። ለሚያመሰኩ እንስሳት በቪየና የተሠራው የ11-ኦክሶኤቲዮኮላኖሎን ኤላይዛ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ያመሰኳሉ። ጭላዳ ግን ሣር ቢግጥም አያመሰኳም፤ ዝንጀሮ ነው፣ ውላጆቹም ይለያሉ። ለአንዱ የሠራ ለሌላው ይሠራል ብላችሁ አትለፉ። ማረጋገጫው በእንክብካቤ ሥር ላለ የዚያው ዝርያ እንስሳ ኤሲቲኤች (ኮርቲዞል እንዲመነጭ የሚያዝ ሆርሞን) ተወግቶ ውላጆቹ ከፍ ሲሉ ማየት ነው። ያ ካልተቻለ አንድ እንስሳ በሕክምና ወይም በዝውውር ምክንያት ከመያዙ በፊትና በኋላ የጣለውን አነጻጽሩ።

ምልክት፦ በአንድ ቀን የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሰማይና ምድር ናቸው

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህ ነውና። በጠጥ መሬት ላይ ከወደቀ በኋላም ባክቴሪያው ሥራውን አያቆምም። ውላጆቹን ይቀያይራል፤ ቁጥሩ እንደ ኪቱ ዓይነት ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ፀሐይ ላይ የዋለና ትኩሱ የተነሣ ናሙና እኩል አይሆኑም።

እንስሳው ሲጥል በዓይናችሁ እዩ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ቢበዛ በአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ በበረዶ በተሞላ አይስ ቦክስ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርጎ ደሴ መድረስ ቀላል መንገድ አይደለም፤ በረዶው እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ሞክሩት። ወደ ኮምቦልቻ የምትቀጥሉ ከሆነ ሐረጎን ስትወርዱ አየሩ እንደሚሞቅ አትርሱ። በረዶ ከሌለ እዚያው ሜዳ ላይ በአልኮል ቀላቅሎ ማውጣት ይቻላል። (አረቄ አይሆንም፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።) ዋናው ነገር ሁሉም ናሙና በአንድ ዓይነት መንገድ መያዙ ነው፤ ግማሹን በበረዶ፣ ግማሹን በአልኮል ይዞ ማነጻጸር አይቻልም።

መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ቢቀዘቅዝስ? ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኛችሁት ናሙናውም ቀልጦ ነበር።

ምልክት፦ ከአንድ በጠጥ የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች አይገናኙም

ውላጆቹ በበጠጡ ውስጥ እኩል አልተሰራጩም። ሁሉንም አደባልቁና ያልተፈጨውን ሣር ለቅማችሁ አውጡ። ከዚያ 0.5 ግራም መዝናችሁ በ5 ሚሊ ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል በደንብ ናጡ፣ በሴንትሪፊዩጅ አጥሩ። የወጣው ፈሳሽ ፕሌቱ (ልኬቱ የሚካሄድበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ ከመውረዱ በፊት በኪቱ በፈር፣ ማለትም በማቅጠኛ ፈሳሹ፣ ይቅጠን፤ ሜታኖል ሲበዛ አንቲቦዲውን ይረብሻል። የአንድ ናሙና ተደጋጋሚ ልኬቶች ልዩነት በአንድ ፕሌት ላይ ከ10 በመቶ፣ በፕሌቶች መካከል ከ15 በመቶ ካለፈ ድገሙት።

ምልክት፦ ሰው የበዛበት ቀን ዝቅ፣ ጸጥ ያለው ቀን ከፍ ይላል

ልኬቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ቀኑ ነው። ደም ውስጥ የታየው ጭንቀት በጠጥ ላይ እስኪደርስ በከብትና በበግ ግማሽ ቀን ገደማ ይፈጃል። የጠዋቱን ናሙና ከትናንት ከሰዓት በኋላ ክስተት ጋር አገናኙት።

ወቅቱንም አስቡ። ኮርቲዞል የፍርሃት ብቻ ሆርሞን አይደለም፤ ጉልበት የሚያከፋፍልም ነው። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎች ላይ ብርድ ሲጠና ውላጆቹ ከፍ ሲሉ ታይቷል። እርግዝናም፣ የመኖ እጥረትም እንዲሁ ይቀይሩታል። የጥርን ውጤት ከነሐሴ ጋር አስቀምጦ «ቱሪስት አስጨነቃቸው» ማለት ችኮላ ነው።

ዝናብ የመታውን ተዉት። ሽንት የነካውንም እንዲሁ፤ ሽንት የራሱ ውላጆች አሉት።

ምልክት፦ ጥቂት ናሙናዎች ከሌሎቹ ፈጽሞ ይለያሉ

የፍየል በጠጥ ሊሆን ይችላል። በፓርኩ ዙሪያ መንጋ ስለሚሰማራ፣ ሲጣል ያላያችሁትን በጠጥ በመልኩ ብቻ የድኩላ ነው ብላችሁ አትመዝግቡ። ከአንድ ድኩላ ደጋግሞ ማንሣትም እንዲሁ ያሳስታል፤ ዐሥር በጠጥ ዐሥር እንስሳ አይደለም። የቀንዱን ቅርጽ፣ ጾታውን፣ የሚታወቅበትን ጠባሳ ከከረጢቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በበረዶ ውሃ ይጠፋል።