ስላይዱ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሲሆን

ባሕር ዳር ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ጣና ያዘጋጀሁት ስላይድ ላፕቶፔ ላይ ምንም አላለም። ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ሲከፈት ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። የተረፈው «1,800» የሚለው የከፍታው ቁጥር ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ጣና ደረቀ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ፕሮጀክተሩን መነካካት ዋጋ የለውም፤ የተላከለትን ምስል ነው የሚያሳየው። ጣጣው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። የክፍሉ ኮምፒውተር አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ኤክስፒ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ፎንት (ፊደሎቹን የሚስለው ፋይል) ይዞ አይመጣም። እኔ የጻፍኩበት ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው ኤክስፒን ከተካው ከቪስታ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይም ኒያላ ለብቻው የሚጫን ሆኗል። እዚያ ሳጥን አይመጣም፤ ኢብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ይተካውና መስመሩ ይዛነፋል።

አኒሜሽን ከሌለው ነገሩ ቀላል ነው። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚያሳየው ስላይዴ ግን የግድ መንቀሳቀስ ነበረበት። ስለዚህ በነፃ የሚገኘውን አቢሲኒካ ፎንት አወረድኩ፤ ጽሑፉን ሁሉ ወደሱ ቀየርኩት። ከዚያ ፎንቱን በፍላሽ ወስጄ የክፍሉ ኮምፒውተር «ፎንትስ» ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩት። ፓወርፖይንቱን ዘግቼ ስከፍተው ፊደሉ ቁጭ አለ።

ፎንት መጫን የአድሚን ፓስወርድ ሊጠይቅ ይችላል፤ የአይሲቲ ባለሙያውን ቀድማችሁ አናግሩ። ፍላሹንም ስካን አድርጉት፤ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣም።