ለመቅኔ ለጋሽ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ሐኪሙ «የመቅኔ ንቅለ ተከላ (ደም የሚሠሩ ሴሎችን ከለጋሽ ወስዶ ለታማሚ መስጠት) ያስፈልጋል፣ ወንድም እህት አለህ?» ሲል ውጭ የምንኖር ሰዎች ወዲያው ሀገር ቤት እንደውላለን፤ ከዚያ ቪዛ ማሯሯጥ ነው። ቀስ በሉ። መጀመሪያ መምጣት ያለበት ሰው ሳይሆን ናሙና ነው። ጉንጭን ከውስጥ የሚያብስ ጥጥ ወይም ትንሽ ደም ይበቃል። ሆስፒታላችሁ ያለውን የንቅለ ተከላ አስተባባሪ፣ ናሙናው እዚያው ሀገር ቤት ከዘመዶቻችሁ ተቀብሎ ሊላክ ይችል እንደሆነ ጠይቁት።

«እኔ ኦ ነኝ፣ ለሁሉም እሰጣለሁ» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። እዚህ ግን ዋናው ነገር የደም ዓይነት አይደለም፤ ባይገጥምም ይሠራል፣ እንዲያውም ታማሚው ቀስ በቀስ የለጋሹን የደም ዓይነት ይይዛል። የሚፈለገው ኤችኤልኤ የሚባለው የሴሎች መለያ ነው፤ ጂኖቹ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ናቸው። እሱ ካልገጠመ የለጋሹ ሴሎች የታማሚውን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው የማጥቃታቸው አደጋ ይጨምራል።

ይህ መለያ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ይወረሳል። ስለዚህ በእናትም በአባትም የምትገናኙት አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ በግማሽ የመግጠሙ 50፣ ጭራሽ ያለመግጠሙ ደግሞ 25። አራት ከሆኑ ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድሉ ወደ 68 በመቶ ይደርሳል። እና ሁሉንም አስመርምሩ፤ «እሷ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው» ብሎ አንዷን መምረጥ ዋጋ የለውም፣ መልክ እዚህ ውስጥ አይገባም። በአንድ ወላጅ ብቻ ከምትገናኙት ግን የሚጠበቀው ቢበዛ ግማሽ ነው፤ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። ምርመራው ቤተሰቡ የማያውቀውን የዝምድና ምስጢር ሊያወጣም ስለሚችል፣ ውጤቱ ለማን እንደሚነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከወንድም እህት ካልተገኘ ወደ በጎ ፈቃደኞች መዝገብ ይኬዳል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ የእኛ ሰው ይጎዳል። በ2014 የወጣ የአሜሪካ መዝገብ ጥናት፣ ሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድል የአውሮፓ ዝርያ ላላቸው ነጮች 75 በመቶ፣ ለአፍሪካውያን ግን 18 በመቶ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። የአፍሪካ የዘር ልዩነት በጣም ሰፊ ነው፣ የተመዘገብነው ደግሞ ጥቂት። ወጣቶች፣ ባላችሁበት ሀገር ተመዝገቡ፤ ሐኪሞች የወጣት ለጋሽ ሴል ይመርጣሉ።

ግማሽ ብቻ ተገኘ ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ዛሬ ከንቅለ ተከላው በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል መድኃኒት እየተሰጠ ግማሽ ከሚገጥም ለጋሽም ይሠራል፤ እናት፣ አባት ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል።

ለጋሹ ከታወቀ በኋላ ነው እንግዲህ ወረቀቱ። ዝምድናውን፣ የሕክምናውን ቀንና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ አውጡ፤ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። ቪዛው እምቢ ካለ ሴሉ ሌላ ሀገር ላይ ከለጋሹ ተቀድቶ ሊላክ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ሴል ቀዝቅዞ ወይም በረዶ ሆኖ ይጓዛል፣ ቪዛ አይጠየቅም!

ለጋሹን ምን እንደሚጠብቀው በቀጥታ ንገሩት። አጥንት አይቆረጥም። አብዛኛውን ጊዜ ሴሉ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጣ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋል፣ አጥንቱን ሊያመው ይችላል፤ ከዚያ ደሙ በማሽን ውስጥ እያለፈ ሴሉ ለሰዓታት ይለያል። አንዳንዴ ግን በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት መቅኔ ይቀዳል፤ የተቀዳውን ሰውነቱ ራሱ መልሶ ይተካዋል። እምቢ የማለት መብት አለው፣ የራሱን ሐኪም ለብቻው ማነጋገርም እንዲሁ። ለንቅለ ተከላው ዝግጅት የታማሚውን መቅኔ የሚያጠፋው ከባዱ ኬሞቴራፒ ከተጀመረ በኋላ ለጋሹ ቢቀር ግን ታማሚው ያለ መቅኔ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «እሺ»ውን በቤተሰብ ስብሰባ አስጨንቃችሁ አታስወጡት፤ ብቻውን አስቦ፣ ከዚያ ቀን በፊት ቁርጡን ይንገራችሁ።